ጣራው የማይጨስ ቤት

እህቴ የሠራችው ምድጃ ይፍረስ ወይስ ይቅር የሚል ነገር ቤታችን የገባው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያው ምድጃ ነበር። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ። አንድ መስመር እጽፍና ደጅ እወጣለሁ፤ ተመልሼ ሳነበው የሌላ ሰው ይመስለኛል። ቢሆንም ከምድጃው ካልጀመርኩ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ቤታችን እስቴ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ የሚሆን ደጋ ላይ። አባቴ እኔ ልጅ ሳለሁ ሞቷል። እናቴና ታላቅ እህቴ አብረው ይኖራሉ። ይኖሩ ነበር። እህቴ ከባሏ ተፋትታ ከተመለሰች ወዲህ እርሻውን ለአጎታችን በእኩል፣ ምርቱን በግማሽ ሊያካፍላት ሰጥታ፣ ላሞቹንና ጓሮውን ራሷ ይዛ ነበር። እኔ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነኝ። እትዬ ነበር የምላት።

በእኛ በኩል ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ይህ ነው የሚባል ዛፍ የለም። የሚነደው ኩበት ነው። እበቱን ከመስኩ መልቀም፣ መጠፍጠፍ፣ ማገላበጥ፣ ደርቆ ሲያበቃ ክረምቱ እንዳይነካው ከምሮ መክደን፣ ይህ ሁሉ የሴት ሥራ ነው፤ በቤታችን ደግሞ የእናቴ ነበር። ነሐሴ ላይ ክምሩ ሲያልቅባት የረጠበውን ታነዳለች። የረጠበ ኩበት የሚያወጣውን ጭስ ያላየ አያውቀውም። እናቴ ዓይኗ በዚያ ጭስ ተጎድቷል። ሁልጊዜ ቀይ ነው፣ ሁልጊዜ ያነባል፤ ስታለቅስና ሳታለቅስ መለየት ያስቸግራል።

አንድ ጊዜ እትዬ ስንቅ ይዛልኝ ደብረ ታቦር መጣች። ቤት ያከራየችኝ የአንድ ፖሊስ ሚስት ናት፤ ምድጃዋ እንደ እኛ አገር ምድጃ አልነበረም። ሦስት ጉልቻ የለውም። ዙሪያውን በጭቃ የተዘጋ ነው። ከፊቱ ኩበት የሚገባበት ጠባብ አፍ፣ ከላዩ ድስት እስከ ሆዱ ገብቶ የሚቀመጥበት ክብ ቀዳዳ፣ ከኋላው ደግሞ ግድግዳውን በስቶ የሚወጣ የጭስ መንገድ አለው። እትዬ ከመንገድ እንደገባች እግሯን እንኳ ሳትታጠብ ከፊቱ ቁጢጥ አለች። እኔ ስለ ትምህርቴ እንድትጠይቀኝ እጠብቃለሁ፤ እሷ ሴትዮዋን የአፉን ስፋት፣ የጭቃውን ዓይነት፣ ጭሱ ለምን ወደ ቤት እንደማይመለስ ትጠይቃለች። ሽሮው እስኪበስል ስንት ኩበት እንደገባ ተቀምጣ ቆጠረች። ስንሰነባበት የነገረችኝ ስለዚሁ ነው። እኛ ቤት እሳቱ ድስቱን ትቶ ጣራውን ሲቀቅል ነው የኖረው አለች።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የነገረችኝ እናቴ ናት። የመጀመሪያውን በመረሬ፣ በጥቁሩ አፈር ሠራችው፤ እሳት ሲነካው ተሰነጣጠቀ። ለሁለተኛው ከገደሉ ሥር ቀይ አፈር አመጣች፤ የገብስ ጭድና የተነፋ አመድ ጨምራ እንደ ሊጥ አቦክታ አሳደረችው። ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጨርቅ እያለበሰች አቆየችው። እናቴ ጉልቻው ከቦታው ሲነሣ ደስ አላላትም። እትዬም ድንጋዮቹን አልጣለቻቸውም፤ ከበሩ አጠገብ ደርድራ መቀመጫ አደረገቻቸው።

ለክረምት ስመለስ ምድጃው ቆሞ ሲሠራ አገኘሁት። መስከረም ሲጠባ ከኩበቱ ክምር ገና የቀረ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አይቼ አላውቅም። እትዬ በምድጃው ብቻም አላቆመችም። ባቄላውን ሳታዘፈዝፍ አትቀቅልም። የድስቱን ክዳን ጠርዝ በሊጥ ትለስነዋለች። ወጡ ሲወርድ በቀረው ፍም ላይ የእግር ውኃ ትጥዳለች። የፋኖሱን ብርጭቆ በየቀኑ በአመድ ታሸዋለች፤ ክሩን ዝቅ አድርጋ በትንሽ ላምባ ቤቱን ታበራዋለች። የተረፈውን እበት ከጓሮው ገብስ ላይ ደፋችው። ገብሱ ደረቴ ድረስ መጣ። እናቴ ዓይኗ ገና ቀይ ነበር፣ ግን ማንባቱን ቀነሰ።

ሰው ይቀልድባት ነበር። ከእኛ በላይ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤት አሉን፤ የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ባልቴት ናቸው። እኔና እትዬ እማማ እንላቸዋለን። ምድጃውን ዞረው ዞረው አይተው፣ እሳቱ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ ያሰርሽው አሏት። ጭሱንስ ለማን ደበቅሽው? ለእርስዎ ሰርግ አስቀምጬው ነው፣ ሙሽራው ሲገኝ እለቀዋለሁ አለቻቸው። ምሰሶውን ይዘው ሳቁ።

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ይህን ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም።

በእኛ አገር ቤትና ቤት ይራራቃል። ሰው ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን ሳይታጠብ የጎረቤቱን ጣራ ያያል። የሣር ክዳኑ ላብ እንደሚያወጣ ፈረስ ከጨሰ ቤቱ ደህና አድሯል። ካልጨሰ አንድ ነገር አለ፤ ወይ ታመዋል፣ ወይ እሳት ጠፍቶባቸዋል፣ ወይ የባሰ ነው። ያን ጊዜ ሳይጠሩ ይኬዳል። ይህን ማንም ለማንም አያስተምርም። ሰው እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል።

የእትዬ ምድጃ ጭሱን በጣራ አያወጣም። ያቺው ያለችው ቀጭን ጭስ በኋላ ግድግዳ በኩል ወደ ገደሉ ትወርዳለች፤ ከላይ ከእማማ ቤት አትታይም። ስለዚህ ምድጃው በነደደ በመጀመሪያው ማለዳ እማማ ነጠላቸውን እየጎተቱ ቁልቁል ሮጠው መጡ። ሁለተኛም መጡ። ከማዶ ያሉትም ሰው ልከው አስጠየቁ። እትዬ አፈረች፤ አሮጊት ሴት በውርጭ ቁልቁለት ማስሮጥ ነውር ሆነባት። ከእንግዲህ ጣራችን አይጨስም፣ ካልጨሰ ደህና ነን ማለት ነው፣ እግርዎን አያድክሙ ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ለሌላውም እሳቸው ነገሩ። ሰው ለመደው።

በኅዳር እናቴ ታናሽ እህቷ ወልዳ ልትጠይቅ ሲማዳ፣ ወደ ወገዳ ሄደች። መንገዱ ክፉ ነው፤ ሄዶ ቶሎ መመለስ የለም። እትዬ ብቻዋን ቀረች። ውጋት ያዛት። መቼ እንደያዛት የሚያውቅ የለም፤ ነገሩም ይኸው ነው። እሷ መደቡ ላይ ተኝታ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ፣ ጣራችን ግን እንደ ሌላው ቀን ነበር። እማማ ማለዳ ማለዳ ወጥተው አይተውታል። አልጨሰም። ደህና ናት ብለው ተመልሰዋል።

በመጨረሻ ያመጣቸው የጥጃ ጩኸት ነው። እናቲቱ ሳትታለብ፣ ጥጃው ሳይጠባ ቆይተዋል። ሲገቡ እትዬ ሰው አልለየችም። ጮኸው ሰው ጠሩ። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መካነ ኢየሱስ አደረሷት። ያያት የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጎኗን አዳምጦ መርፌ ወጋት፤ ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ፣

"ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት" አለ።

እዚያው አረፈች። ተሸካሚዎቹ እሷንና ያቺን ቃል ይዘው ተመለሱ።

እኔን ሊጠራኝ የመጣው አጎቴ ነው። እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ልታይህ ፈልጋለች አለኝ። እንዲህ ነው የሚባለው፤ ለሩቅ ሰው በአንድ ጊዜ አይነገርም። መንገዱን ሙሉ ለእናቴ ስጸልይ ሄድኩ። ደጃችን ስደርስ ሰው ተሰብስቧል፤ ከመካከላቸው እናቴ፣ ከወገዳ ተጠርታ ቀድማኝ የደረሰችው፣ ብድግ ስትል አየኋት። ደስ አለኝ። እናቴ በሕይወት አለች ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው በዓይኔ የጎደለውን ሰው የፈለግሁት። ያ ደስታ ምን ያህል ቆየ? ዓይን እስኪዞር። እስከ ዛሬ ግን አልለቀቀኝም።

ለቅሶው ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። ከብቶቹን አይቼ እመጣለሁ እላለሁ፤ በረት ደርሼ ለምን እንደመጣሁ እረሳለሁ። ሰዎች ተማሪ ነው፣ ሐዘን አያውቅበትም ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ የሚሉትን ሌላውን ሰማሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት፤ ግን አልፎ አልፎ ወደ ማጀት ያያሉ። የተዘጋ ነገር ነው ይላሉ። ቤቱንም እሷንም አቀዝቅዟል። ጣራው እንደ ድሮው የሚጨስ ቢሆን ኖሮ፣ መጨሱን ሲያቆም ሰው አይቶ ይደርስላት ነበር። እማማ ከበሩ አያልፉም። መጥተው አልቅሰው ከደጅ ይመለሳሉ።

እናቴ ሁሉን ሰምታለች። ከቀብሩ በኋላ ምድጃውን አላነደደችም። ለቅሶ ቤት ምግብ ጎረቤት ያመጣል፤ ቀኑ ካለፈም በኋላ አላነድም ስላለች ማምጣታቸውን ቀጠሉ። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ገባ። ቤታችን እንደ ጎተራ ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ዶማው የት እንዳለ ጠየቀችኝ።

"ከአርባዋ በፊት አፍርሰው። ለተዝካሩ ሰው ሁሉ ይገባል፤ እያየው እንዲያወራ አልፈልግም። ጉልቻውን መልስልኝ" አለችኝ።

እሺ አልኩ። ዶማውን አውጥቼ ከማጀቱ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት። ከዚያ ወጣሁ።

እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። አንድ ቀን ምድጃውን እንደ ሰው እጠላዋለሁ፤ በዶማ ሳይሆን በእግሬ ልረግጠው እፈልጋለሁ። በማግስቱ ደግሞ በዚህ ቤት እሷ አስባ፣ እሷ አቡክታ ያቆመችው እሱ ብቻ ነው እላለሁ። ይህ የእኔ ነው። የእናቴ ግን ሌላ ነበር፤ ይህንንም አውቀዋለሁ። ካፈረስኩት እኔ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ፣ እሷ ብቻዋን ትቀራለች። እትዬ የለችም። ጉልቻ የሚፈልገውን ኩበት ማን ይለቅምላታል? ነሐሴ ሲመጣ የረጠበውን አንድዳ ያንኑ ጭስ ልትታጠን ነው። ካላፈረስኩት ደግሞ በር የገባ ሰው ሁሉ ልጅሽን የገደላት ያ ነው እያለ በዓይኑ ሲነግራት ትኖራለች። ዶማውን አነሣለሁ። መልሼ አቆመዋለሁ። እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና ታየኛለች።

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እየተንተባተብኩ ስለነበር ረጅም ጊዜ ወሰደ። እሳቸው ቢፈርስም ኃጢአት የለበትም፣ ቢቀርም ኃጢአት የለበትም አሉኝ። እንግዲያው ምን ላድርግ ብላቸው፣ እኔ የምፈታው ኃጢአት ነው ልጄ፣ ይህን ከእናትህ ጋር ጨርሱት አሉ። ተናድጄ ተመለስኩ። በመንገዱ ላይ ድንጋይ እየመታሁ መጣሁ።

በማግስቱ የመንደሩ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነበር፤ ስንዴ ይወቃል። ምግብ የሚያመጣልን አልነበረም። የነቢያት ጾም ስለሆነ እናቴ እስከ ቀትር በኋላ አትቀምስም፤ ሰዓቱ ሲደርስም የሚቀመስ የለም። ብርድ ይዟት ጋቢዋ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። አጥሚት ላፈላላት አሰብኩ። የገብሱ ዱቄት አለ። እሳት ግን በዚያ ምድጃ ካልሆነ የለም። ዶማውን ከመንገዴ ዞር አደረግሁና ክብሪት ጫርኩ።

እኔ እሳት ያየሁት በጉልቻ ነው፤ ቶሎ እንዲነድ ብዬ አፉን በኩበት ሞላሁት። ጭሱ መውጫ አጥቶ በአፉ ተመለሰ። ወዲያው ቤቱ ታፈነ፤ ምሰሶው ጠፋኝ። እናቴ እየሳለች ተነሣች።

"አታጉርሰው እንጂ። አንዱ ሲያልቅ አንዱን ነው የምትሰጠው" አለችኝ።

ወደ ምድጃው ቀረበች። ከዚያ፣ እንዲህ ነበር የምትለኝ አለች፤ እትዬን ማለቷ ነው። ከተቀበረች ወዲህ ስለ እሷ ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው። ተንበርክካ የሚጨሰውን ኩበት በእጇ እየጎተተች አመዱ ላይ አወጣችው፤ አፉን ጠርጋ አንድ ብቻ አስቀረች። ጠበቅን። ጭሱ ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረና ወደ ኋላ ሄደ። ውስጡ ቀላ። ድስቱን ጣድኩ፤ ሁለታችንም እጃችንን ወደ አፉ ዘረጋን። አጥሚቱ ሳይፈላ በሩ ጨለመ።

እማማ ናቸው። ከአውድማው ነው የመጡት፤ ጸጉራቸው ላይ ገለባ አለ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ጣራችሁ ሲጨስ አይቼ አሉ። የገባው ጭስ በሣር ክዳኑ ወጥቶ ኖሯል፤ ከአውድማው ሰው ሁሉ አይቶታል። እንደ ልማዳቸው ከደጅ ቆሙ። እናቴ ግቢ አለቻቸው። ከበሩ አጠገብ ካሉት ድንጋዮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ምድጃውን አላዩትም።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ሌላ ሰው አይደለም። በየማለዳው ወጥቼ አይቻለሁ፤ አይቼ ተመልሻለሁ።"

"አትምጪ ያለችሽ እሷ ናት።"

"እሷ ልጅ ናት። ልጅ አትምጪ ቢል ይቀራል እንዴ?"

እናቴ ወደ ድስቱ ዞረች። አጥሚቱ ፈላ። በጣሳ ቀድታ መጀመሪያ ለእሳቸው ሰጠቻቸው። እሳቸው ሳይቀምሱ ጣሳውን መሬት አስቀመጡት፤ እናቴ አንሥታ እንደገና አስያዘቻቸው። እኔ ከመካከላቸው ቆሜ ነበር፤ ወጥቼ ልሂድ ብዬ መውጫው በእሳቸው በኩል ሆነብኝ።

"ምድጃውን አላፈርሰውም" አለች እናቴ። የምትናገረው ለእሳቸው ይሁን ለእኔ አልለየሁም። "ለጉልቻ የሚበቃ ኩበት የምለቅምበት ጉልበት የለኝም። ልጄም ይሄዳል። ይቀመጥ። አንቺ ግን ከእንግዲህ ጣራዬን አትዪ። ማለዳ በእግርሽ ወርደሽ በሬን ምቺ።"

እማማ ጉልበታቸውን ደባበሱ። ቁልቁለቱስ አልከፋም፣ ዳገቱን ማን ያወጣኛል አሉ።

"እንግዲያው ተራ በተራ። አንድ ማለዳ አንቺ ትወርጂያለሽ፣ አንድ ማለዳ እኔ እወጣለሁ።"

በዚህ ተጨረሰ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ቀላል ይመስላል። አልነበረም። ለአርባዋ ሰው መጣ፤ ትልልቆቹ ድስቶች ደጅ በድንጋይ ላይ ተጣዱ፤ ውስጥ የገቡት ሴቶች ምድጃውን አይተው እርስ በእርስ ተያዩ። አንዷ፣ ይህን ነገር እያየሽ እንዴት ትተኛለሽ ብላ እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ እየነደደ ነው የምተኛው አለቻት። ሴትዮዋ ሌላ አልጨመረችም። እኔ ግን ጨመርኩ፤ በውስጤ። የተራው ነገር አስተማማኝ አልመስል አለኝ። እናቴ ሁለት ቀን ሽቅብ ከወጣች እግሯ ያብጣል። እማማም አንድ ማለዳ ቀሩ፤ ሮጬ ስወጣ ተኝተው አገኘኋቸው፤ እንቅልፍም ነውር ሆነ እንዴ ብለው ተቆጡኝ። ከእንግዲህ ላይቀሩ እንዲምሉልኝ ጠየቅኋቸው። በጣም ተቀየሙ። እናቴ ሰምታ እኔንም ተቆጣችኝ፤ ትልቅ ሰው በመሐላ አይታሰርም አለችኝ።

ከትምህርት ቤት ከቀረሁ ቆይቷል፤ ገናም አልፏል። ጓደኛዬ ስምህ ሊሰረዝ ነው ብሎ ልኮብኛል። ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ነገ ይመጣል፣ ከብቱን አይቼ እላለሁ። እናቴ በመጨረሻ ስንቄን ራሷ ቋጥራ በሩ ላይ አስቀመጠችው።

የምሄድበት ማለዳ የእማማ ተራ ነበር። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ስንቄን አንግቼ ደጅ ቆምኩ። ፀሐይ ወጣች። ዳገቱ ላይ ሰው የለም። እናቴ ሂድ አለችኝ። ትንሽ ልቆይ አልኳት። አሁንም ሂድ አለችኝ፤ ከውስጥ ሆና ኩበት እየሰበረች ነው። ስንቄን መሬት ጣልኩና ሽቅብ መውጣት ጀመርኩ። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ እማማ በትር ይዘው እግራቸውን እየመረጡ ሲወርዱ አገኘኋቸው።

"አንተ ተማሪ፣ ገና አልሄድክም? እኔ እናትህን ልጠይቅ መጣሁ እንጂ አንተን ልሸኝ አልመጣሁም" አሉኝ።

ክንዳቸውን ይዤ እስከ በራችን አወረድኳቸው። በሩን በበትራቸው መቱ፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ቢሆንም መቱ። እናቴ እንዴት አደርሽ አለች። እሳቸውም እንዴት አደርሽ አሉ። ስንቄን አንሥቼ መንገዴን ያዝኩ። መካነ ኢየሱስ እስክደርስ ብዙ ጊዜ ቆሜ ወደ ኋላ አይቻለሁ፤ አንድ ቦታ ላይም ተመልሼ ጥቂት ሄጄ ነበር። ከዚያ እንደገና ዞርኩ።